ከስልክ ሽቦ እስከ ሰማይ ሳህን

ስለ ሳተላይት ኢንተርኔት ሲነሣ ሰው ሁሉ ወሬውን ከዩክሬን ይጀምራል። እኔ ከዲማ ልጀምር። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነው፤ ከተማሩበት አንዱም ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ። ሐዲስ ገና ደራሲ ሳይባሉ ከራስ እምሩ የጎጃም ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ፤ በኋላም ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ኢጣልያ ታሰሩ። (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለምጠቅስ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ የሳተላይቱ ታሪክ የሚቆጠረው በዚያ ነው።)

በዚያ በ1935 እና በ1936ቱ ጦርነት ራሶቹ እርስ በርሳቸው ይገናኙ የነበረው በአብዛኛው በመልእክተኛ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሬዲዮ ነበራቸው። ይህ መታደል ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ጣሊያኖች መልእክቱን ከአየር ላይ እየጠለፉ ምስጢሩን ይፈቱት ስለነበር፣ ማርሻል ባዶሊዮ ከማይጨው ውጊያ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን አሳብ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እግረኛው መልእክተኛ ይዘገያል እንጂ፣ ካልተያዘ በቀር የያዘው ቃል ጠላት ጆሮ አይገባም።

ሩቅ ለሩቅ መነጋገሪያ ወደ አገራችን ሲገባ ግን በጦር ስም አልገባም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ያስጀመሩት የአዲስ አበባና የሐረር ስልክ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሐረር የንግድ በር ነው፤ ቡና ይወጣበታል፣ ጠመንጃም ይገባበታል። ከ1902 እስከ 1904 ደግሞ ጣሊያኖች ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የቴሌግራፍ መስመር ዘረጉ። የነጋዴው ዋጋ መጠየቂያና የሌጋሲዮኑ የስለላ ወሬ በአንድ ሽቦ ይሄዳሉ። ሽቦው የሚያልፍበትን ነገር አይመርጥም።

በ1943 አሜሪካኖች አስመራ ላይ ራዲዮ ማሪና የተባለውን የጣሊያን ባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ ተረከቡ። ይህ ነው በኋላ ቃኘው የተባለው፤ በኮሪያ በዘመተው ሻለቃችን ስም መሆኑ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ገደማ እዚያ ከቆሙት ግዙፍ ሳህኖች የትልቁ አግድመት 150 ጫማ ነበር፤ ሥራውም የሶቪየት መንኰራኵሮች ወደ ምድር የሚልኩትን ምልክት ማዳመጥ ነው። እንግዲህ ጎጃሜው በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ በዚያው ግዛት ውስጥ የጨረቃና የማርስ መንገደኛ ድምፅ ይጠለፍ ነበር ማለት ነው። ቃኘው በ1977 ተዘጋ። በ1979 ሱሉልታ ላይ የራሳችን የሳተላይት ምድር ጣቢያ ተተከለ፤ የውጭ አገር ስልካችንም በሰማይ መሄድ ጀመረ።

እኔ ከሰማይ ሳህን ጋር የተዋወቅሁት በትምህርት ቤት ነው። የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ከ2004 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሳተላይት ይሠራጭ የነበረውን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀውን ትምህርት የማያስታውስ እኩያዬ የለም። መምህሩ በእንግሊዝኛ ይከንፋል፤ እጅ ብናወጣም አያየንም። የእኛ መምህር ጥግ ይዞ ይቆማል። በዚያው ዘመን «ወረዳኔት» የተባለው መረብ ከ500 በላይ የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይት ከማእከል ጋር አገናኘ። ሁለቱም ከላይ ወደ ታች የሚናገሩ መረቦች ነበሩ፤ ወላጅም ገበሬም ድርሻ አልነበራቸውም።

የዚያ ዘመን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ይሰቀላል፤ ጥያቄና መልስ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከ2019 ጀምሮ ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመጥቃቸው የስታርሊንክ ሳተላይቶች ግን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይዞራሉ። ቅርብ ስለሆኑ ፈጣን ናቸው፤ ቅርብ በመሆናቸውም አንዱ ብዙ አገር አያይም፣ ስለዚህ በሺዎች ያስፈልጋሉ። ሳህኑን አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል።

ጦረኛውም ነጋዴውም የወደዱት ይህንኑ ነው። በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ኬኤ-ሳት የተባለው የንግድ ሳተላይት መረብ በኮምፒዩተር ጥቃት ተመታ፤ ጀርመን ውስጥ 5,800 ያህል የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከመቆጣጠሪያቸው ተቆራረጡ። ዩክሬን ወደ ስታርሊንክ ዞረች። ወታደሩ ድሮን አበረረበት፣ ሆስፒታሉም ተጠቀመበት። ቆይቶ ግን የኩባንያው ባለቤት ኢሎን መስክ በክራይሚያ አቅራቢያ አገልግሎቱ እንዲከፈት ሲጠየቅ እንቢ ማለቱን ራሱ ተናገረ። የሁለት መንግሥታት ጦርነት በአንድ ነጋዴ ፈቃድ ሲወሰን ከዚህ በፊት ሰምተን እናውቃለን?

በእኛ አገር መዝጊያው በመንግሥት እጅ ነው። በኅዳር 2020 የትግራይ መገናኛ ተቋረጠ። በሰኔ 2021 የመንግሥት ወታደሮች መቀሌ ጽሕፈት ቤቱ ገብተው የሳተላይት መገናኛ መሣሪያውን እንደነቀሉበት ዩኒሴፍ በይፋ ተቃወመ። በነሐሴ 2023 ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነና የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ።

ያን ጊዜ የዲማ አካባቢ የጤፍ ነጋዴ የሆኑ አንድ የማውቃቸው ሰው ያሉኝን አልረሳውም። ስልክ ሲሠራ የአዲስ አበባን ዋጋ ደውለው ይጠይቃሉ፤ ገንዘቡን ሊያወጡ ባንክ ሲሄዱ ግን «ሲስተም የለም» ይባላሉ። «የሰማይ ሳህን የሚሸጥበት አገር አለ አይደል?» አልኋቸው፤ ኬንያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ጀምራ ነበርና። ሣቁብኝ።

«ወንድሜ፣ ቤቴ ላይ ብሰቅለው በማግስቱ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣብኛል። አንዱ ‹ለማን ነው የምታወራው?› ይለኛል። ሌላው ‹ለእኔ ስጠኝ› ይለኛል።»

ሰውየው ሱዳንን አላዩም፤ ነገሩን ግን ልክ ያወቁት ይመስለኛል። በ2024 መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ የስታርሊንክ ሳህን በየሰፈሩ ብቅ አለ። በብዙ ቦታ የሳህኑ ጌቶች የፈጥኖ ደራሹ ጦር ተዋጊዎች ነበሩ፤ ሲዋጉበት ይውሉና ለሕዝቡ በሰዓት ያከራዩታል። ውጭ ያለ ልጅ የላከው ገንዘብ በካርቱም ባንክ የስልክ አገልግሎት፣ በባንካክ ነው የሚገባው። እናትየው ያንን ለማየት ጠመንጃ ከያዘው ወጣት አጠገብ ተራ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሂሳቡን ከፍላ፣ መልእክቷን አይታ፣ ስልኳን ዘግታ ትሄዳለች።