የቀን መንገድ በሐይቅና በአምባሰል

በሐይቅና በአምባሰል፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ ኪሎ ሜትር የሚባለው መለኪያ ከመግባቱ በፊት ርቀት የሚነገረው በቀን ነበር። «የቀን መንገድ» ማለት በሶውን በአቅማዳ የያዘ እግረኛ ወይም የተጫነ አጋሰስ ማለዳ ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃና ሣር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ቤት የእግዚአብሔር» ብሎ የሚያሳድር ባለቤት የሚገኝበት ስፍራ የሚደርስበት ርቀት በመሆኑ፣ ልኩ በሜዳ ይረዝማል፣ በአቀበት ያጥራል፣ ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላም ጉዞው ጨርሶ ይቋረጣል። ዛሬ የመጽሐፍ ክፍል የሚጠራበት «ምዕራፍ» የተባለው የግእዝ ቃል ራሱ «ዐረፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ማረፊያ ማለት ነው።

በ13ኛው ምዕት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ባቋቋሙ ጊዜ በሁለቱ ገዳማት መካከል ያለው ርቀት በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ገደሉን እየዞረ የሚሄደው እግረኛ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መንገድ ይጠብቀው ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው በሐይቅ ከተማሩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ማቅናታቸው ይታወቃል፤ ስለዚህ የሐይቅ ገዳም ታላቅነት ከመምህራኑ ብቻ ሳይሆን ሸዋንና ትግራይን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ማረፊያ ከመሆኑም የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዞን የሚያዘገየው መልክዓ ምድሩ ብቻ አልነበረም። በ1512 ዓ.ም. ሚያዝያ ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ የንጉሠ ነገሥቱን ሰፈር ያገኘው ከመንፈቅ በኋላ ሲሆን፣ አብሮ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደሚተርከው ጓዙ ከአንዱ አገር ሕዝብ ወደ ሌላው እየተላለፈ ስለሚጓጓዝ፣ ሹሙ ተሸካሚ እስኪያቀርብ ድረስ መንገደኛው ተቀምጦ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ገበሬው የእርሻውን ሥራ ትቶ የእንግዳን ጭነት በትከሻው የሚሸከምበት ይህ ግዴታ ለአገሬው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም።

መኪናም ቢሆን ወዲያው ርቀትን አላሳጠረም። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሣው የፋሺስት ኢጣልያ የመኪና ሰልፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ጨርሶ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ሲሆን፣ ያዘገየውም የዝናቡ ጭቃና በጣርማ በር የፈረሰው መንገድ ነበር። ኋላ ግን ከአሥመራ በውጫሌ፣ በሐይቅና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው ጥርጊያ መንገድ ሲሠራ የደሴና የአዲስ አበባ ጉዞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሆነ።

ዛሬ ከቦሌ እስከ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ የሐይቅ ሰው ግን አውሮፕላኑን ለማግኘት መጀመሪያ ደሴ ደርሶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በመኪና ወርዶ፣ ከበረራው የማያንስ ጊዜ በየብስ መጓዝ አለበት። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል በአውሮፕላን የመጣው ምእመንም ከኮምቦልቻ በመኪና ተጉዞ የአምባው ሥር ሲደርስ ወርዶ የመጨረሻውን አቀበት በእግሩ ይወጣል፤ ስንቁን ይዞ ከቀናት በፊት ከቀዬው ከተነሣው እግረኛ ጋርም በአንዲቱ በር ይገባል።