የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርያት ተአማኒነት፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

«ፍቅር እስከ መቃብር» ለምን ይወደዳል ተብሎ ሲጠየቅ አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር አሳዛኝ ስለሆነ ነው የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም በቂ አይደለም። አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ ከዚህ መጽሐፍ በፊትም በኋላም ተጽፏል፤ ብዙው ግን ተነቦ ተረስቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉን በአንባቢ ልብ ያኖረው የገጸ ባሕርያቱ ተአማኒነት መሆኑን ከልብ ወለዳችን ታሪክ አንጻር ማሳየት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያና መንትያ ወንድሟ ዋህድ በመልክም በምግባርም እንከን አይወጣላቸውም። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ የ1920ዎቹ ሥራዎች የጋብቻንና የልማድን መሻሻል ለማስተማር የተጻፉ በመሆናቸው፣ ገጸ ባሕርያቱ በአብዛኛው የደራሲው ትምህርት አፍ ናቸው። በ1941 ዓ.ም. የወጣው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»ም፣ ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው፣ ሊከተሉት የሚገባ ሰው አቅርቧል። እነዚህ ደራስያን ለማስተማር ተነሥተው አስተምረዋልና ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርባቸውም። አንባቢ ግን አርአያን ያከብራል እንጂ እንደ ጎረቤቱ አያውቀውም።

በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም ይህ ግንኙነት ተለወጠ። ሀዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ተወልደው፣ በዚያው አገር በዲማ ጊዮርጊስ ጭምር የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ የቆሎ ተማሪውንም ባላባቱንም በቅርብ ያውቋቸዋል። ስለዚህ የበዛብህ ታሪክ የሚጀምረው ከፍቅር ሳይሆን ከእናቱ ነው። ውድነሽ በጣሙ ያገባቻቸው ባሎች ተራ በተራ የሞቱባት፣ በዚህም ሰው የሚሸሻት ሴት ናት። ከቦጋለ መብራቱ ጋር ተጋብታ ያገኘችው አንድ ልጅ እንዳይሞትባት ስትል ለእግዚአብሔር ተሳለች። ስለቱ የጭካኔ ሳይሆን የእናትነት ሥራ ነው፤ በኋላ ልጇን ከፍቅሩ ጋር የሚያጣላው ግን ይኸው ነው። አንባቢ ሊወቅሳት ሲነሣ ራሱም በቦታዋ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ እንደነበር ይገነዘባል።

ፊታውራሪ መሸሻም እንዲሁ ናቸው። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲያማርጡ ወጣትነቷ አለፈ። ልጃቸውን ግን አይጠሉም፤ በእሳቸው ሚዛን እያከበሯት ነው። ደራሲው ፊታውራሪን የሚያስቁ ሰው አድርገው ሥለዋቸዋል፤ ከገበሬዎቹ ጋር ተዋግተው ሲማረኩ ደግሞ ሳቃችን መሐል ላይ ኀፍረት ይገባበታል። ፍጹም ክፉ ቢሆኑ ኖሮ አንባቢው እሳቸውን ረግሞ ራሱን ነጻ ባወጣ ነበር። የሚታመኑ ሰው በመሆናቸው ግን ከየቤቱ አንድ አባት፣ አንድ አያት ያስታውሱታል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ጉዱ ካሳ ስለ ሥርዓቱ ረዥም ንግግር ሲያደርግ የደራሲው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፤ በዚህ በኩል ከኅሩይ ገጸ ባሕርያት እምብዛም አይርቅም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ሐሳቡ ዋጋ የሚያስከፍለው መሆኑ ነው። «ጉዱ» የሚለው ቅጽል ከልማድ በመውጣቱ የተለጠፈበት ነው፤ የሚተቸውም የገዛ ዘመዶቹን ነው። ብቸኝነቱ ንግግሩን ሥጋ ያለብሰዋል።

መጽሐፉ የባላባቱን ሥርዓት ለማጋለጥ ብቻ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥራው በተፈጸመ ነበር። ነገር ግን ከዚያም ወዲህ መነበቡ አልተቋረጠም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከውም ፊደል ያልቆጠረው አድማጭ ጭምር ሰብለ ወንጌልን እንደ ልጁ አዝኖላታል። ጉልቱ ቀርቶ ፊታውራሪ መሸሻ አልቀሩም፤ ስለት የሚሳል እናትም አልጠፋም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን መጽሐፉን እንደ ሥርዓት ማስረጃ ብቻ ሲያነቡት የሚያመልጣቸው ዋናው ነገር ነው። መጠየቅ ያለባቸው ፊታውራሪ የየትኛው መደብ ወኪል ናቸው የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ እኒህን ሰው የምናውቃቸው ከወዴት ነው የሚለውንም ነው።