መብራት የጠፋበት ግጥሚያ

ስፖርት የሕዝቦች የወዳጅነት ድልድይ መሆኑ ዘወትር ይነገራል። ሆኖም ያልተገባ ሸክም የተጫነበት ድልድይ ይሰበራል። ታኅሣሥ 26 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1987) በቼኮዝሎቫኪያ፣ በፒየሽታኒ ከተማ፣ የሶቭየት ኅብረትና የካናዳ ወጣት ብሔራዊ ቡድኖች ያደረጉት የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ለዚህ ምስክር ነው።

የበረዶ ሆኪ እንደ ገና በዱላ የሚጫወቱት፣ ነገር ግን በበረዶ ወለል ላይ እየተንሸራተቱ የሚፋለሙበት ስፖርት ነው። ውድድሩ ከ20 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች የተዘጋጀ የዓለም ሻምፒዮና ነበር። ካናዳ በ5 ግብ ልዩነት ብታሸንፍ ወርቁ የእርሷ ይሆን ነበር፤ የሶቭየት ቡድን ግን ከሜዳሊያ ተርታ ወጥቶ ነበር።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ካናዳ 4 ለ 2 ስትመራ፣ ጠብ ተጫረ። ተጠባባቂዎች ሳይቀሩ ሜዳ ገቡ። ዳኞቹ መገላገል ተስኗቸው ወጡ። አዘጋጆቹ መብራት አጠፉ፤ ድብድቡ ግን በጨለማም ቀጠለ። በመጨረሻ ሁለቱም ቡድኖች ከውድድሩ ተሰረዙ፤ ወርቁም የፊንላንድ ሆነ።

ወጣቶቹ የተሸከሙት በሁለት ጎራ የተፋጠጠውን ዓለም ቂም ነበር። በዚያች ዕለት በተቃራኒ ወገን የተሰለፉት ሰርጌይ ፌዶሮቭና ብሬንዳን ሻናሃን ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የዲትሮይትን ማሊያ ለብሰው የስታንሊን ዋንጫ አብረው አነሡ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል ብሂሉ። በፒየሽታኒ ግን ዱላው የልጆች፣ ቁጣው የጌቶች ነበር።