«ሙሴ» እና «ቻው»፦ የፈረንሳይኛ ሰላምታ በእኛ ዘንድ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዲላ የራቀ ይመስል ይሆናል። ሆኖም የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች ለማጥናት የተነሣ ሰው፣ አባ አዛይስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ካደረጉት አሰሳ እስከ ሮዤ ዡሶም የ2007 መጽሐፍ ድረስ፣ ዋና ዋናውን ጽሑፍ የሚያገኘው በፈረንሳይኛ ነው። እኔም ቋንቋውን የጀመርኩት በዚሁ ምክንያት ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት በወዳጆች መካከል የሚደረግ ሰላምታ ሆነ፦ «ሳሉ»፣ «ሳ ቫ?»፣ ከዚያም «ዥ ማፔል…»። የመጨረሻው ቃል በቃል «ራሴን እንዲህ ብዬ እጠራለሁ» ማለት ነው። እኛ ግን «እገሌ እባላለሁ» እንላለን፤ ጠሪው ሌላ ሰው ነው።

ፈረንሳይኛ በአገራችን አጭር ዕድሜ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዋነኛ የውጭ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ የባቡር ኩባንያውም በዚሁ ቋንቋ ይሠራ ነበር። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ዘመን ምን ቀረልን? «ለገሃር» ቀረ። «ማዳም» ቀረ። «ሙሴ»ም ነበረ፤ «መስዩ» ከሚለው የመጣ ሲሆን በምኒልክ ዘመን ለአውሮፓዊ ሁሉ የሚሰጥ ማዕረግ እስኪመስል ድረስ ተለመደ፤ ስዊሱ መሐንዲስ እንኳ «ሙሴ ኢልግ» ተብሏል። «ሳሉ» ግን በአማርኛ ሥር አልሰደደም።

በአንጻሩ ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ብቻ ገዝቶ «ቻው»ን ትቶልን ሄደ። በእርግጥ ጣልያንኛ በኤርትራ በኩል ቀደም ብሎ ገብቷል። ቢሆንም ልዩነቱን ያመጣው የጊዜው ርዝመት አይመስለኝም። ፈረንሳይኛን የተማርነው ከቤተ መንግሥት፣ ከክፍል እና ከጣቢያ ሹም ነው፤ እነዚህ ቦታዎች ደግሞ ማዕረግን እንጂ መቀራረብን አያስተምሩም። ጣልያንኛን ግን መካኒኩና ሹፌሩ በጋራዥና በመንገድ ላይ ሰሙት። በነገራችን ላይ ጣልያኖች «ቻው»ን ለመገናኛም ለመለያያም ይሉታል፤ እኛ ለመለያያ ብቻ አስቀረነው፤ ለመገናኛው «ጤና ይስጥልኝ» ነበረን።

ሌላም መሰናክል ነበር። ፈረንሳይኛ «ቱ» እና «ቩ» አለው፤ እኛም «አንተ» እና «እርስዎ»። ተመሳሳይ ይመስላሉ። ግን የእኛ «አንተ» ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ መልሱ «እርስዎ» ይሆናል። የዛሬዎቹ ፈረንሳዮች ግን ባልደረባ ከሆኑ፣ በዕድሜ ቢራራቁም፣ «ቱ» መባባልን ይመርጣሉ።

አንድ ጊዜ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ትክል ድንጋዮቹን ሊያዩ መጡ። ዲላ ላይ ቡና ስንጠጣ «እባክህ፣ ቱ በለኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አፌ ግን እምቢ አለ። እሳቸው «ቱ»፣ እኔ «ቩ» እየተባባልን ሰነበትን። መኪናው ሲነሣ ግን ሁለታችንም እጃችንን እያወዛወዝን «ቻው!» ተባባልን።