አገሯን ባላየ ሰው ስም

ሜሪላንድ በምኖርበት ቤት ጓሮ፣ ውኃ በሚተኛበት ጥግ፣ የናናና የጦስኝ ዘመድ የሆነች ቀይ አበባ ተክያለሁ። ሥሯ እርጥበት ይወዳል፤ በሐምሌ ስትፈካ ንብና ቢራቢሮ ይከቧታል።

ሊቃውንቱ «ሞናርዳ» ይሏታል። ስሙ የሴቪሊያው ሐኪም የኒኮላስ ሞናርዴስ ነው፤ ስለ አሜሪካ ዕፅዋት ብዙ ጽፎ፣ አሜሪካን ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1588 ሞተ። ሊኒየስ በ1753 ስያሜውን በመጽሐፉ አጸናው። ከዚያ አስቀድሞ በ1744 ጆን ባርትራም ዘሯን ከሃውደኖሾኒ ሕዝብ ምድር፣ ከኦስዊጎ፣ ለቅሞ ለንደን ላለው ወዳጁ ለፒተር ኮሊንሰን ልኮ ነበር። ቅጠሏም እየተፈላ ይጠጣልና «የኦስዊጎ ሻይ» ተባለች።

እኔም በባንክ መስኮት ኋላ፣ ለደንበኛ አፍ እንዲመች ያሳጠርኩትን ስም ደረቴ ላይ ለጥፌ እውላለሁና ነገሩ ይከነክነኛል። ማታ ውኃ ሳጠጣት «የኦስዊጎ ሻይ» እያልኩ እጠራታለሁ፤ ይህኛው ስም ቢያንስ የበቀለችበትን ምድር ያነሳል።