ጥላሸት ለምን አይደበዝዝም?

የአያታችሁን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስካን አድርጋችሁ ልታትሙ ነው እንበል። የልጅ ልጆቻችሁስ ያዩት ይሆን? መልሱ ያለው ቀለሙና ወረቀቱ ላይ ነው።

በ1991 እ.ኤ.አ. ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ ከባልደረቦቹ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ናሽ ኤዲሽንስ የተባለ የፎቶ ማተሚያ ከፈተ። የተጠቀሙበት አይሪስ 3047 ቀለም የሚረጭ ትልቅ ፕሪንተር ነው፤ የተሠራው ግን ለማተሚያ ቤቶች ናሙና ማውጫ ነበር። ናሙና ታይቶ ይጣላል፤ ስለ ቀለሙ ዕድሜ ማን ይጨነቃል? ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ጉዱ ወጣ፤ ቶሎ ይደበዝዛል።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ያ ቀለም ዳይ ነበር፤ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር የሟሟ። ብርሃንና አየር ላይ ያለው ኦዞን የተበታተኑትን ሞለኪውሎች በቀላሉ ይሰባብሯቸዋል። ፒግመንት ግን ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ላዩ ቢጎዳ ውስጡ ይተርፋል። በተለይ ካርቦን፣ ማለትም ጥላሸት፣ ብርሃን አይበግረውም። የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ይኸው ስለሆነ ከመቶዎች ዓመታት በኋላ ይነበባል። ዛሬ የካርቦን ቀለም ለፕሪንተርም አለ።

ወረቀቱስ? ከእንጨት በሚሠራ ርካሽ ወረቀት ውስጥ ሊግኒን አለ፤ እሱ ነው ጋዜጣን ቢጫ የሚያደርገው። ከጥጥ የተሠራው ወረቀት ከዚህ ይድናል።

ስለዚህ ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀለሙ ፒግመንት ነው? ወረቀቱስ ጥጥ ነው?