ተያዥ ሆኖ መፈረም፦ ትናንትና ዛሬ



ልጃችሁ ከአሰላ ወጥቶ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቀው ማደሪያው ነው። ብቻውን ለመከራየት አቅሙ ስለማይፈቅድ ሁለት ሦስት ሆነው በደባልነት ይገባሉ። አከራይዋም «አላውቃችሁምና ወላጅ ተያዥ ይሁናችሁ» ትላለች። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ለጁምዓ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ አባትም ከሶላት መልስ ቡናው እስኪቀርብ ይፈርማል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ፈርሜያለሁ። ስለ ፈረምኩት ነገር ያሰብኩት ግን ከፈረምኩ በኋላ ነበር። የዚህን ፊርማ ታሪክ ላጫውታችሁ የወደድኩትም እናንተ አስቀድማችሁ እንድታስቡበት ነው።

ዋስትና በአገራችን ከወረቀት በፊት የነበረ ነገር ነው። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ዋስ እንዲጠሩ ይጠየቁ ነበር። ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ታስሮ አብሮ ይሄድ፣ አብሮ ይቀመጥ ነበር። ይህም ቁራኛ ይባላል። ቃሉ ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም። እንግዲህ ዋስ ማለት በመጀመሪያ ትርጉሙ ሰውን ከቁራኛ የሚያስፈታ፣ «እኔ አውቀዋለሁ፤ ሲፈለግ አቀርበዋለሁ» የሚል ሰው ነበር። በእኛ በአርሲ በኦሮምኛ ይህ ሰው «ዋቢ» ይባላል። አማርኛውም ዋቢ የሚለውን ቃል ለምስክርና ለመከታ ይጠቀምበታል። በሁለቱም ቋንቋ የሚያዘው የሰው ስም ነው፤ ገንዘቡ ከስሙ በኋላ የሚመጣ ነው።

በዲናችንም የዋስትና ነገር ጥንታዊ ነው። በሱረቱ ዩሱፍ እንደምናነበው ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ትንሹን ልጃቸውን ከወንድሞቹ ጋር ወደ ምስር ከመላካቸው በፊት መልሰው እንዲያመጡት በአላህ ስም ቃል አስገብተዋቸዋል። ሆኖም ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ቢደርስባቸው ከዚያ ቃል ነፃ እንዲሆኑ ለይተው አስቀምጠዋል። በዚያው ሱራ የንጉሡ ዕቃ ጠፋ በተባለ ጊዜ ለሚያመጣው የአንድ ግመል ጭነት እንደሚሰጥ ያወጀው ሰው ራሱን ዋስ አድርጎ ቆሟል። የፊቅህ ሊቃውንት ሰውን ለማቅረብ የሚገባውን ዋስትናና ገንዘብን ለመክፈል የሚገባውን ዋስትና ሲለዩ እነዚህን አንቀጾች ያነሳሉ።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ደግሞ የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ.) ታሪክ የማያውቅ ጥቂት ነው። የአንድ ሰው ጀናዛ ቀርቦ ዕዳ እንዳለበትና መክፈያ እንዳልተወ ሲነገራቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ነገሯቸው እንጂ ራሳቸው አልቀረቡም። አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ ባደረገ ጊዜ ግን ሰገዱበት። በሌላ ዘገባ እንደተነገረው ከዚያም በኋላ ዕዳው መከፈሉን ጠይቀውታል። ዋስ መሆን ትልቅ በጎ ሥራ መሆኑን፣ ነገር ግን በቃል ብቻ የማያልቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ አገራችን ምድር እንመለስ። በአርሲ ደጋ የኪራይ ነገር ሲነሳ ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት የቤትን ሳይሆን የመሬትን ነው። አርሲ በ1879 ዓ.ም. አካባቢ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ መሬቱ ለሌሎች እየተሰጠ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባለመሬቱ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመውና ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አመጣ። ምርቱ አደገ፤ መሬቱም ተወደደ። ባለመሬቶችም ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኞችን አስነሱ። በእጁ ወረቀት የሌለው፣ በፊቱም የሚቆምለት ዋስ የሌለው ተከራይ ምን እንደሚደርስበት ደጋችን ያየው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት አዋጆች በአንድ ዓመት ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ጭሰኝነት ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ቤት ማከራየትም የመንግሥትና የቀበሌ ሥራ ሆነ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ግለሰቦች ቤት ማከራየት በሰፊው ጀመሩ። ያን ጊዜ አከራይና ተከራይ የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው ተገናኙ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ። ብዙ ገንዘብ አስቀድማ መያዝ ያልቻለች አከራይ የወላጅ ስም ብትይዝ የሚያስገርም አይደለም።

ታዲያ እኔ የፈረምኩት ምን ነበር? ኪራዩ በወር 9,000 ብር ነው፤ ለሦስቱ ልጆች ለያንዳንዳቸው 3,000 ይደርሳል። እኔ ለልጄ 3,000 ዋስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን «በአንድነትና በተናጠል» የሚል ቃል ነበረበት። ባይኖርም እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1896 አብረው የተዋዋሉ ባለዕዳዎች ሌላ ስምምነት ከሌላቸው እያንዳንዳቸው ለሙሉው ዕዳ ይጠየቃሉ ይላል። በአራተኛው ወር አንዱ ደባል ሥራ አጥቶ ወደ አገሩ ሄደ። የሁለት ወር ድርሻው 6,000 ብር ሳይከፈል ቀረ። አከራይዋም ደወለችልኝ። የድሮው ቁራኛ በሰንሰለት ነበር፤ የዛሬው በአንድ መስመር ቃል ነው።

ሕግ የሚያውቅ ወዳጄ ወረቀቱን አይቶ «አትክፈል» አለኝ። በሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም፤ በእኔም ወረቀት ላይ ልክ አልነበረም። የተማርኩት የሻፊዒይ መዝሀብም ቢሆን ልኩ ባልታወቀ ዕዳ የሚገባን ዋስትና አያጸናም፤ ሌሎቹ መዝሀቦች ሰፋ ያለ አስተያየት አላቸው። ሕጉም መዝሀቤም መውጫ ሰጡኝ ማለት ነው። ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ሴትዮዋ በሯን የከፈተችው ሕግ ቁጥር አንብባ አይደለም፤ ስሜን አምና ነው። ባልከፍል ከወረቀቱ ነፃ እወጣ ነበር፤ ከቃሌ ግን አልወጣም። ልጆችን አማና ጠብቁ እያልኩ የማስተምር ሰው በወረቀት ጉድለት ልሸሽ አልወደድኩም። ከፈልኩ።

ከዚያም አዳማ ወርጄ ከአከራይዋና ከሁለተኛው ልጅ አባት ጋር ተቀመጥን። አባትየው የበቆጂ ሰው፣ ክርስቲያን ነው። በሄደው ልጅ ፋንታ ሌላ ደባል አስገቡ፤ የሱም አባት መጣ። ውሉን እንደገና ጻፍነው፦ እያንዳንዱ አባት ለገዛ ልጁ ድርሻ ብቻ፣ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ማለትም እስከ 9,000 ብር፣ ውሉ እስከሚያበቃበት ቀን ድረስ፤ ሁለት ምስክር ያለበት። አከራይዋ አልተከፋችም። ቀድሞ የምታውቀው አንድ አባት ነበር፤ አሁን ሦስት አገኘች።

ወላጆች ሆይ! ይህን የምጽፈው ዋስ ከመሆን እንድትሸሹ አይደለም። ሁሉም አባት ቢሸሽ ልጆቻችን የሚያድሩት የት ነው? ነገር ግን በሱረቱል በቀራ ረጅሙ አንቀጽ የወረደው ዕዳን ስለ መጻፍ መሆኑን አትርሱ። ከመፈረማችሁ በፊት ለማን፣ ለስንት፣ እስከ መቼ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁና መልሱ በወረቀቱ ላይ ይስፈር። የደባሎቹን ወላጆች ፈልጋችሁ ተዋወቁ። ልጃችሁንም አስቀምጣችሁ ንገሩት፤ በየወሩ የሚከፍለው ኪራይ የአባቱን ስም ጭምር የሚጠብቅ መሆኑን ይወቅ። የኔው ልጅ ይህን ካወቀ ወዲህ ኪራዩን በከፈለ ቁጥር ይደውልልኛል።

አላህ (ሱ.ወ.) ቃላቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።